ሁለት የበግ ሳንባና የአባቴ ትንፋሽ

ሳሎናችን ውስጥ ቴሌቪዥኑ፣ አሮጌው ሬዲዮና የአባቴ የኦክስጅን ማሽን ዳንቴል ለብሰው ነበር የሚቀመጡት። ቴሌቪዥኑና ሬዲዮው አልፎ አልፎ ይገለጣሉ። ማሽኑ ግን ቤታችን ከገባ ጀምሮ ተገልጦ አያውቅም። ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ የያዘ ብርጭቆ ተቀምጦበታል። እንግዳ መጥቶ ምንነቱን ከጠየቀ አባቴ ዓይኑን ሳያሽ "ስታብላይዘር ነው" ይላል። አንድ የዕድራችን አባል ፍሪጁ በመብራት መቆራረጥ እየተበላሸ ተቸግሮ ስለነበር ከየት እንደተገዛ ጠየቀው። አባቴም "ልጄ ናት ያመጣችው፤ እሷን ጠይቃት" አለው። ሰውየው የምሩን ጠየቀኝ። ጥሩ ስታብላይዘር ነው፣ ለፍሪጅ ግን አይሆንም አልኩት።

የምንኖረው ቀበና ነው፤ ከደጃችን ቀና ሲሉ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ይታያል። አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በሰሜን መስመር ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ሲጋራውን ከተወ ቆይቷል፤ ሲጋራው ግን እሱን አልተወውም። የሳንባ ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንስቶ፣ ሳንባው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች እየፈነዱ እርስ በርሳቸው እንደተቀላቀሉ፣ ስለዚህም የሚስበው አየር ወደ ደሙ በደንብ እንደማያልፍ አስረዳን። የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ከማሽኑ ጋር መሆን አለበት አለ። አባቴ ሐኪሙን ያዳመጠው ትራፊክ ፖሊስ ያዳምጥ በነበረበት ትሕትና ነው። አንገቱን እየነቀነቀ እሺ እሺ ብሎ ሲያበቃ መንገዱን ቀጠለ።

እምቢ ያለበትን ምክንያት ስጠይቀው መልሱ ጥያቄ ነበር። "ኦክስጅን ላይ የወጣ ሰው ሲወርድ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ይህ የእሱ ብቻ ሐሳብ አልነበረም። በሰፈራችን "ኦክስጅን ላይ ነው" የሚባለው ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄም ቀብሩ የት እንደሆነ ነው። ሰው ወደ ኦክስጅን የሚደርሰው ሁሉም ነገር ከተሞከረ በኋላ ስለሆነ፣ ኦክስጅኑ የተገናኘው ከሞት ጋር እንጂ ከትንፋሽ ጋር አልነበረም። አባቴ ሌላም መከራከሪያ ነበረው። "ይለመዳል" ይላል።

"አባዬ፣ ኦክስጅን'ኮ ከተወለድክ ጀምሮ የለመድከው ነገር ነው።"

"ያ የእግዜር ነው። ይሄ የፋብሪካ ነው።"

ማሽኑ ውስጥ ምንም የተጠራቀመ ነገር እንደሌለ፣ የቤቱን አየር ስቦ ሌላውን እያስቀረ ኦክስጅኑን ብቻ አጥርቶ እንደሚሰጥ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና "የቤቱን አየር ከሆነ እኔስ ራሴ ብስበው ምን አለበት?" አለኝ። ጥያቄውን ለመጨረስ ሁለት ጊዜ ቆሞ ተነፈሰ።

ፈርቼ ነበር። ከመኝታ ቤቱ እስከ መታጠቢያ ቤት ለመድረስ መንገድ ላይ ፍሪጁን ተደግፎ ማረፍ ጀምሮ ነበር። ከንፈሩ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይሄድበታል። ከሥራ ስመለስ ገና ከበሩ ሳልደርስ ሳሉን ለመስማት ጆሮዬን አቆማለሁ፤ ሲስል ደስ ይለኛል። የአባቷ ሳል የሚያስደስታት ልጅ ሆንኩ ማለት ነው።

የሚያናድደው ደግሞ ሥራዬ ነው። መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በየዓመቱ እንስሳት እንዴት እንደሚተነፍሱ ለልጆች አስረዳለሁ። የምድር ትል ሳንባ የለውም፤ በእርጥብ ቆዳው ይተነፍሳል፣ ቆዳው ከደረቀ ያበቃለታል። ፌንጣ በጎኑ በተደረደሩ ቀዳዳዎች አየር ያስገባል፤ አፉን ለመብል ብቻ ነው የሚጠቀምበት፣ ይህን ብዙ ሰው አይችለውም። ዓሣ ውሃውን በአፏ ተቀብላ ከጉንጯ ሥር ባለው ቀይ ማበጠሪያ መሳይ ስንጥብ ታሳልፈዋለች፤ ውሃ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ኦክስጅን እየለቀመች ትኖራለች። ዶሮ ደግሞ ስታስገባም ስታስወጣም ሳንባዋ ውስጥ አዲስ አየር ያልፋል፤ በዚህ ከሰው ትበልጣለች። ሳስተምራቸው ከኖርኩት ፍጥረታት ሁሉ ውስጥ አየር ቀርቦለት እምቢ ያለው አባቴ ብቻ ነው።

በዚያ ሰሞን ትምህርቱ ሳንባ ላይ ደርሶ ነበር። እኔ ሳንባን በሥዕል ማስተማር አልወድም። ከሥጋ ቤት የበግ ሳንባ ከነቧንቧው አመጣለሁ፣ ቀጭን የጎማ ቱቦ እሰካበታለሁ፣ ይነፋል። ልጆቹ ሌላውን ሁሉ ቢረሱ ይህን አይረሱም። ችግሩ ሳንባው የማን ቢላዋ እንዳረፈበት ነው። ባለፈው ዓመት መስቀል ከተሳለበት ሥጋ ቤት ብቻ አምጥቼ ሙስሊሞቹ ልጆች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ በጨዋነት፣ ከሩቅ ሆነው ተመለከቱ። እንደማይበላ ነገርኳቸው። እናውቃለን ሚስ አሉኝ፤ ግን አልቀረቡም። ጨረቃና ኮከብ ካለበት ብቻ ባመጣ ደግሞ ክርስቲያኖቹ ኋላ ይቆማሉ። ስለዚህ ዘንድሮ ሁለት ሳንባ ለመግዛት ወሰንኩ።

ክፍለ ጊዜው ረቡዕ ነበር፤ ረቡዕ ጾም ስለሆነ አንደኛው ሥጋ ቤት ይዘጋል። ማክሰኞ ከሰዓት ሁለቱም ጋ ሄድኩ። የመጀመሪያው ሥጋ ሻጭ ሳንባውን እየመዘዘ "ለውሻ ነው?" አለኝ። ሁለተኛውም "ለውሻ ነው አይደል?" አለኝ። በሌላው ነገር ሁሉ ቢለያዩም በዚህ ተስማሙ። እንዳይቀላቀሉብኝ አንዱን በጥቁር፣ አንዱን በነጭ ፌስታል አስሬ ቤት አምጥቼ ፍሪጅ ውስጥ አስገባኋቸው።

አመሻሹ ላይ አባቴ ወደ መታጠቢያ ቤት ሲሄድ እንደተለመደው ፍሪጁ ጋ ቆመ። ቆሞ የሚያርፍ መሆኑ እንዳይታወቅበት ፍሪጁን የመክፈት ልማድ ነበረው። ከፈተው።

"ይሄ ምንድን ነው? ለውሻ ነው?"

"ለዘጠነኛ ክፍል ነው።"

"ሁለቱም?"

"አንዱ ለክርስቲያኖቹ፣ አንዱ ለሙስሊሞቹ።"

አባቴ ይህን ምንም እንግዳ ነገር እንደሌለው መልስ ተቀበለው። ከጥቂት ትንፋሽ በኋላ "ነገ ልጆቹ ፊት እንዳታፍሪ እዚሁ ሞክሪው" አለ።

ነጩን ፌስታል ፈታሁና ሳንባውን ትሪ ላይ አጋደምኩት። ቧንቧው ውስጥ ጎማውን ከትቼ በሲባጎ አሰርኩ። አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "አምጪው እኔ ልንፋው" አለኝ። ተይ የሚለኝ ስሜት ነበረኝ፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ ጎማ ሲነፋና ሲያስነፋ የኖረን ሰው ይህን እንዴት እከለክለዋለሁ? የጎማውን ጫፍ በመሐረቡ ጠርጎ አፉ ውስጥ አደረገና ነፋ።

የሳንባው አንድ ጠርዝ የመዳፍ ያህል ከፍ አለና ወረደ። እንደገና ሞከረ። ከመጀመሪያው ያነሰ ተነሣ። ሦስተኛውን ሳል ቀደመው፤ ሳሉ ብዙ ቆየ። ጎማውን ሲመልስልኝ ዓይኑ ትሪው ላይ ነበር። እኔም ሳላስብበት ተቀበልኩትና ነፋሁ። ሳንባው ሮዝ እየሆነ፣ እየነጣ፣ እየሰፋ ሄዶ ትሪውን ሞላው። ወዲያው ባልነፋሁት ብዬ ተመኘሁ።

አባቴ እጁን አስጠግቶ ነካው። "ስፖንጅ ነው" አለ። ጎማውን ስለቀው ሳንባው ቀስ ብሎ ወደ ራሱ ተሰበሰበ። ያን ጊዜ እንደ አስተማሪ ማውራት ጀመርኩ፤ ስጨነቅ የማደርገው እሱን ነው። ማሽኑ እንዲህ እንደማይነፋው፣ መተንፈሱ የራሱ ሥራ ሆኖ እንደሚቀር፣ ማሽኑ የሚያደርገው በእያንዳንዱ ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ማብዛት ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። "ሞተሩ ያው ነው፤ ናፍጣው ነው የሚሻለው ማለት ነው" አለ። አዎ አልኩት። ያሳመንኩት መስሎኝ ነበር።

"ለእናትሽ'ኮ 'አድርጉላት' ያልኩት እኔ ነኝ" አለ።

እናቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት መግቢያ በሳንባ ምች ነው ያረፈችው። ሆስፒታል ስትገባ እኔ ልጆች እያስፈተንኩ ነበር፤ ስደርስ ጭምብሉ ፊቷ ላይ ነበር። ማን እንደፈቀደ፣ ማን እንደተጠየቀ አስቤው አላውቅም።

"ዶክተሯ መጥታ 'ኦክስጅን እናድርግላቸው?' አለችኝ። አድርጉላት አልኩ። ጭምብሉን ሲያደርጉላት አየችኝ። ሰው ሲታፈን እንዴት እንደሚያይ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው ያየችኝ። በማግስቱ አለቀ። እኔ ባልፈቅድ ኖሮ..." አለና ትንፋሹ ስላጠረው አቆመ። ባያጥረውም የሚጨርሰው አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ጊዜ ግትርነት ነው ስል ኖሬ ነበር። እጁን ያዝኩት። እናቴን የገደላት ጭምብሉ እንዳልሆነ፣ ሳንባዋ ውስጥ ያሉት ከረጢቶች በሕመሙ ውሃ ሞልተው አየር ማሳለፊያ አጥተው እንደነበር ነገርኩት። የታፈነችው በጭምብሉ ሳይሆን ከጭምብሉ በፊት ነው አልኩት። "ዘገየባት እንጂ አልጎዳትም፣ አባዬ።" ይህ ዓረፍተ ነገር በዚያ ሰዓት ጥሩ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ ወደ መኝታው ሄደ። ፍሪጁ ጋ ቆመ፤ በዚህ ጊዜ አልከፈተውም።

በማግስቱ ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ትሪዎች በሁለት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ፕሮቴስታንቶቹ ልጆች ሁለቱንም ለመንካት ችግር የለብንም ስላሉ ተሸካሚ ሆነው ተመረጡ፤ ቀኑን ሙሉ ይህን ሹመት ተኩራሩበት። አንዲት ጾመኛ ልጅ እጇን አወጣች። "ሚስ፣ ብነፋ ጾም ይገደፋል?" ቄስ እንዳልሆንኩ ነገርኳት። አጠገቧ ያለው "አንቺ እየነፋሽ ነው እንጂ እየጠጣሽ አይደለም" ብሎ ፈረደላት፤ ነፋች። ከሌላኛው ጠረጴዛም ነፉ። ሁለቱም ሳንባዎች እኩል ተነፉ፣ እኩል ነጡ፣ እኩል ወረዱ። በዚህ ላይ አስተያየት የሰጠ የለም።

ከዚያ ከኋላ የተቀመጠ፣ ሯጭ መሆን የሚፈልግ ልጅ "ሚስ፣ አትሌቶቹ ለምንድን ነው እንጦጦ ድረስ ወጥተው የሚለማመዱት? አየሩ ፍሬሽ ስለሆነ ነው?" አለኝ። ሁሉም ሰው እንደዚያ እንደሚያስብ፣ ግን እንዳልሆነ አስረዳሁ። ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ንጹሕ ነው፣ ግን በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። የጤነኛ ሰው አካል ያንን ለማካካስ ቀይ የደም ሴል ያበዛል፤ ሯጩ የሚፈልገው እሱን ነው። "ለጤነኛ ልምምድ ነው፤ ሳንባው ለታመመ ሰው ግን ሸክም ነው" ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት። ልጆቹ ገለበጡ።

ቤት ስደርስ ሳል አልሰማሁም። በሩን ከፍቼ ስገባ ሳሎኑ ውስጥ ደከም ያለ ጉርምርምታ ነበር። አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ዳንቴሉ ተጣጥፎ ጉልበቱ ላይ፣ የፕላስቲክ አበባው ወለሉ ላይ፣ ቱቦው አፍንጫው ላይ ነው። የቱቦውን ጫፎች ገልብጦ ስላደረጋቸው ኦክስጅኑ ወደ ጣሪያው ነበር የሚሄደው። አስተካከልኩለት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ "አሃ" አለ። ከንፈሩ ቀልቶ ያየሁት ያን ማታ ነው። ደስታዬን መደበቅ ስላልቻልኩ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩለት።

ወሬው ተሰማ። አባቴ ኦክስጅን ላይ ወጣ ተባለ፤ ሰፈሩም የሚያውቀውን አደረገ። የዕድሩ ሰዎች ነጠላ ለብሰው መጥተው ፊታቸውን አጥቁረው ተደርድረው ተቀመጡ። ከአገር ቤት አንድ የአጎት ልጅ ገስግሶ መጥቶ፣ ላምበረት ከአውቶቡስ እንደወረደ ደውሎልኝ በሕይወት ይደርስበት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ቲማቲም ገዝቶ እንዲመጣ ነገርኩት። አንድ ሽማግሌ ወደ አባቴ ጠጋ ብለው "የሚናዘዙት ነገር ካለ..." አሉት። አባቴ፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ አዲሱ መንገድ ለምን በዚያ በኩል መሠራት እንዳልነበረበት ለረጅም ጊዜ ተናዘዘ። ስታብላይዘሩን የጠየቀው የዕድራችን አባልም ነበር። ማሽኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም አላለም። አባቴን ሊሰናበቱ የመጡት ሰዎች መሽቶባቸው እርስ በርስ ተሰነባብተው ሄዱ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ፍሪጁ ጋ ሳይቆም ማለፍ ቻለ። መብላት ጀመረ፣ መቆጣት ጀመረ። እኔም እንቅልፌ ተመለሰልኝ። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ተቀምጠናል። ቱቦው በመስኮቱ አልፎ እስከ እሱ ይደርሳል። ዝናቡ ገና አባርቶ ተራራው ጥርት ብሎ ይታያል። ድንገት "ይሄ ነገር በእውነት ይሠራል" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም። "ዘገየባት ብለሽኛል አይደል?"

አዎ አልኩት፤ ምን ሊል እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበር።

"እናትሽ መሳል እንደጀመረች፣ ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት፣ እንጦጦ አወጣት ነበር። የጎረቤታችንን መኪና እየተዋስኩ፣ ከሰዓት ከሰዓት፣ አንቺ ሥራ ላይ ሆነሽ። ንጹሕ አየር ይሻላታል ብዬ። ዛፉ ሥር አስቀምጣታለሁ። 'ሳቢው፣ ደህና አድርገሽ ሳቢው' እላታለሁ። 'ደከመኝ፣ እንውረድ' ትለኛለች። የበረዳት መስሎኝ ኮቴን አለበስኳት። ሁልጊዜ እንውረድ ትለኝ ነበር።"

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። እናቴም አልነገረችኝም።

"መኪናዬ ጣርማበር ተራራ አናት ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳው ነበር" ብሎ ቀጠለ። "መካኒኩ አየሩ ስለሚሳሳ ነው ይለኝ ነበር። እና አንቺን ልጠይቅሽ፣ አንቺ ታስተምሪዋለሽና። ያ ነገር ለመኪና ብቻ ነው ወይስ ለሰውም ነው?"

በዚያች ሰዓት ሙያዬን ጠላሁት። የእንጦጦ አየር መሳሳት ብቻውን እናቴን አልገደላትም፤ ይህን ማለት እችል ነበር፣ እውነትም ነው። ግን የጠየቀኝ እሱን አልነበረም። የጠየቀኝ አዎ ወይም አይደለም የሚባል ነገር ነበር፤ መልሱን ደግሞ በዚያ ረቡዕ አርባ ልጆች ከሰሌዳ ላይ ገልብጠውታል።

"ለመኪና ነው፣ አባዬ" አልኩት።

"ለሰው አይደለም?"

"ለሰው አይደለም። የእንጦጦ አየር ለሳንባ ጥሩ ነው። ደግ ነው ያደረግክላት።"

ረጅም ጊዜ አየኝ። የጣርማበርን መንገድ በራሱ ሳንባ ስንቴ ወጥቶ ስንቴ ወርዶታል። ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረገና "እንዲያ ከሆነ ደህና" አለ፤ የሚያጽናናኝ እሱ ይመስል ነበር። ቱቦውን በጆሮው ላይ አስተካክሎ ፊቱን ከተራራው ወደ ግቢው መለሰ። ሻይ ላፈላ ብዬ ተነሣሁ፤ ወጥ ቤት ገብቼ ውሃው ፈልቶ እስኪያልቅ ድረስ አለቀስኩ።